አጥር ያደረግነው የፒር ቅርንጫፍ

ጥቁሩን ነጥብ ፖም በሚመስለው የፒር ፍሬያችን ላይ መጀመሪያ ያየሁት አምና፣ ክረምቱ ገብቶ ነው። ጥላሸት መስሎኝ ፍሬውን በቀሚሴ ጠረግኩት፤ አልለቀቀም። ሌላ ያዝኩ፤ እሱ ጭራሽ ተሰንጥቋል። ልጄ ለካ ከኋላዬ ቆማለች።

«እማ፣ ይሄ ፒር ከጠፋ ዐረብ አገር ነው የምሄደው» አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ቂሊንጦ የነበራትን የፋብሪካ ሥራ ትታ፣ ከአማቴ በቀረን ጓሮ ፍሬውን ሸጣ ልትኖር ችግኙን የተከለች እሷ ናት። ቀደም ባለው ዓመትም ቅጠሉን ይኸው ነገር ነክቶት፣ የታመመውን ቅርንጫፍ ቆርጠን ዳነልን ብለን ነበር። የእህቴን ልጅ ዐረብ አገር ሸኝተን ድምጿ ጠፍቶብናል። ያን ቀን የፈራሁት ለዛፍ አይደለም።

በማግስቱ ወረዳ ሄድኩ። የግብርና ባለሙያዋ «ነገ እመጣለሁ» ስትለኝ «እሺ የኔ ልጅ፣ እስከዚያው እዚሁ ነኝ» ብዬ በሯ ላይ ተቀመጥኩ። ስቃ ተነሣች።

ጓሮ ደርሰን የሆነውን ስነግራት ቅጠሉን ገልብጣ አየችና «ፈንገስ ነው፣ እርጥበት ይወዳል። ባለፈው የቆረጣችሁትን የት ጣላችሁት?» አለች።

እኔና ልጄ ሳቅን። «እንጨት ይጣላል እንዴ? አጥር አደረግነው።»

ባለሙያዋ አልሳቀችም። ዞራ አጥሩን አየች፤ እኛም አየን። ቅርንጫፉን ከነቅጠሉ ጠምጥመን ያጠርነው ዛፎቹ ሥር ነው። ክፉኛ የታመሙትም በዚያ ጥግ ያሉት ናቸው።

«በሽታውን ራሳችሁ አጥራችሁታል፣ እናቴ» አለችኝ።

ዕለቱኑ ማፍረስ ጀመርኩ። ጎረቤቴ አሮጊቷ ከበራቸው ሆነው «አንቺ! ሰው በክረምት አጥሩን ያፈርሳል? ጅብ ልትጋብዢ ነው?» አሉኝ።

«ጅብ ፒር አይበላም፣ እትዬ።»

«በጎችሽንስ?»

«እነሱን እርስዎ ጋ አሳድራቸዋለሁ።»

«አይ አንቺ! ለዚህ ነዋ ያፈረስሽው!» አሉ፤ ግን በጎቹን አስገቡልኝ።

እርጥቡ እንጨት አልነድም ሲል ላምባ እያርከፈከፍኩ አቃጠልኩት። ክፍት የቀረውን ቦታ የማዳበሪያ ጆንያ ሰፍቼ ጋረድኩ። ልጄ እጇን አጣጥፋ ታየኝ ነበር።

«ልፋት ነው እማ፣ ተዪው።»

«አንቺ ተዪው። እኔ አልተውም» አልኳትና የወደቀውን ቅጠል መጥረግ ያዝኩ። ትንሽ ቆይታ መጥረጊያውን ከእጄ ነጠቀችኝ። ቅጠሉን አንድ ሳናስቀር ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው።

ዝናቡ ሲያበቃ፣ ነፋስ እንዲገባው የተጨናነቀውን ቅርንጫፍ መለመልን። ከቆረጥነው አንዲት ጭራሮ እንኳ ለማገዶ አላስቀረሁም፤ እዚያው አነደድነው። አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ባለሙያዋ ያዘዘችልንን መድኃኒት፣ ልክ እንዳሳየችን በጥብጠን፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን ረጨን።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ፣ ዝናብ ባባራ ቁጥር እወጣና ቅጠል እገለብጣለሁ። እዚህም እዚያም ነጥብ አላጣሁም፤ ያገኘሁትን ቀጥፌ አቃጠልኩ። ፍሬው ግን ልሙጥ ሆኖ አደገ።

ትናንት ልጄ አንዱን ገምጣ፣ እያኘከች «በወንዙ በኩል ያለው ባዶ ቦታ ላይ ሌላ ችግኝ ብንጨምርስ?» አለችኝ።

«እስኪያፈራ ዓመታት አይፈጅም?»

«ይፈጃል።»

«ማን ሊጠብቀው?»

«እኔ ነኛ! ሌላ ማን አለሽ?»

ልጄ አትሄድም። ያ ፍርሃት ለቆኛል፤ አሁን ደህና ነን።