በአባቴ ሽመል ላይ ያሉት ጭረቶች

አያ ገነነ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው ይላሉ። እኔ ዕድሜያቸውንም ተጠራጥሬአለሁ፤ የተወለዱበትን ዓመት የሚያሳይ ወረቀት የላቸውም። ቋሪት ገበዝ ማርያም ከአጎታቸው በሽመል መማታትና መመከት ተማሩ፤ ከዚያ ቡሬ ገብተው ሠላሳ ዓመት እህል ተሸከሙ። አብረዋቸው የተሸከሙት ወገባቸው ታጥፏል። እሳቸው ግን ከእሑድ በቀር ጧት ጧት ከባሕር ዛፉ ሥር ቀጥ ብለው ቆመው ያስተምራሉ።

«መምታት የሚያውቅ አንድ ቀን ያሸንፋል፤ መመከትና መተንፈስ የሚያውቅ እስኪሞት አይጎብጥም» ይላሉ።

አባቴ አለበል ከእሳቸው ዘንድ ስምንት ወር ተማረ። ባለፈው መጋቢት ከዚያው በተመለሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ ልቡ ቆሞ ሞተ።

የምሠራው በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው፤ ያልተጻፈ ነገር አላምንም። «የታመመ ሰው ሳያስመረምሩ ያደባድባሉ» የሚል አቤቱታ ለቀበሌ ጽፌ በቦርሳዬ ያዝኩና፣ ከማስገባቴ በፊት ነገሩን በዓይኔ ለማየት ሄድኩ። ደብዳቤው ከገባ ማስተማራቸው እንደሚያበቃ አውቃለሁ።

ስመኘው የሚባል ጎረምሳ የባጃጅ ሹፌር ሽመሉን በሙሉ ኃይሉ ሰነዘረባቸው። ግማሽ እርምጃ ሸሸት አሉ፤ ምቱን በእጃቸው አጠገብ ተቀብለው ጠመዘዙት። የስመኘው ሽመል መሬት ወደቀ።

«ትንፋሽህን ይዘህ መታህ። ትንፋሹን የያዘ ሰው ክንዱ ይደርቃል» አሉት።

«ባጃጁ ነዳጅ ጨረሰ!» አለች እታለም፤ ጉልበቷን ልታድን የመጣች የስድሳ ዓመት ሴት ናት። ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

«አባቴንም እንዲህ ነበር የሚያደርጉት?» አልኳቸው።

ሽመላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ሽመሉ ቤት አለ?»

«ከቀብሩ ወዲህ ማንም አልነካውም።»

«እንግዲያ ጭረቱን ቁጠሪ።»

እታለም የራሷን አሳየችኝ። በየቀኑ ልምምድ ሲያበቃ እሳቸው በየተማሪው ሽመል ላይ በቢላዋቸው ይጭራሉ፤ ለሠራ ቀጥ ያለ፣ «ዛሬ አትችልም» ብለው ላስቀመጡት ደግሞ መስቀለኛ።

ቤት ገብቼ ሽመሉን ከበሩ ጀርባ አወጣሁና ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። የመጨረሻዎቹ ሠላሳ ስድስት ጭረቶች በሙሉ መስቀለኛ ናቸው። በኋላ የተጫረ እንዳይሆን በመስኮቱ ብርሃን መረመርኩ፤ ከመጨረሻው በቀር ሁሉም በእጅ ወዝ ጠቁረዋል።

በማግስቱ ተመለስኩ። «ስድስት ሳምንት አስቀምጠውታል። ለምን?»

«ደረቱን ሲይዝ አየሁት። ጤና ጣቢያ ታይተህ ወረቀት ካላመጣህ ሽመል አታነሣም አልሁት። በየጧቱ እየመጣ ተቀምጦ ያይ ነበር። 'ልጄ እዚያው ናት፤ አሳይታኛለች፤ ወረቀቱን ታመጣዋለች' ይለኝ ነበር።»

«ለእኛ ለምን አልነገሩንም?»

«ይህስ ጥፋቴ ነው» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «የካርድ ክፍል ሠራተኛ አባት ነው ብዬ አመንሁት።»

ከሰዓት በኋላ መዝገብ ቤቱን ገለበጥኩ። አለበል በሚል ስም አሥራ ሰባት ካርዶች አሉ፤ አንዱም የአባቴ አይደለም። አሥር ዓመት የሰው ካርድ ስደረድር የእሱን ፈልጌ አላውቅም።

አቤቱታውን አልቀደድኩትም። «ተጣርቶ ሐሰት ሆኖ ተገኝቷል» ብዬ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ቀኑን ሞልቼ አስቀመጥኩት።

ሰኞ ጧት የአባቴን ሽመል ይዤ ልማር ሄድኩ። አያ ገነነ በሽመላቸው ጫፍ መንገዱን ዘጉብኝ።

«ታይተሻል?»

«እኔ እኮ እዚያው ነው የምሠራው።»

«እሱም እንዲሁ ብሎኝ ነበር» አሉ፤ ሽመሉን ሳያነሡ። «ወረቀቱን አምጪ።»