የእማማ ጆሮ በመሳቢያ ውስጥ

ሰፈሩ የተቀባበለው ወሬ ይህ ነበር፦ ሬዲዮ ጠጋኟ ምራት፣ አማቷ የቤተሰቡን ስብሰባ እንዳይሰሙ ብላ ጆሯቸውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፋባቸዋለች። ወሬው ከዳቦ ቤቱ ሲነሳ «ደብቃለች» ነበር፤ ልብስ ሰፊው በር ሲደርስ «ሸጣለች» ሆነ። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ቁልቁለት ስለሆነ፣ ምን ላይ እንደደረሰ እግዜር ይወቅ።

መሳቢያውም ነበር፣ ቁልፉም ነበር። ምክንያቱ ነው የተሳተው።

ጠጋኟን ሰፈሩ «ቴስተር» ይላታል። ኤሌክትሪክ መለኪያው ከእጇ አይለይማ፤ ሰላምታ እንኳ ፈትሻ ነው የምትቀበለው ይሏታል። እማማ፣ አማቷ፣ ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠል መስሚያ አላቸው። እሱ ከእጃቸው አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ሽፋኑ ተሰነጠቀ፤ ከባትሪው የሚነሳው ቀጭን ሽቦም ተነቀለ። በየልጆቻቸው ቤት ተራ እየገቡ ሲኖሩ የቆዩት እማማ ደግሞ፣ በዚያው ሳምንት እሁድ ልጆቻቸው ተሰብስበው ከማን ጋር እንደሚቀሩ ሊቆርጡላቸው ነው።

«ስለ እኔ ሲነጋገሩ ልስማ» አሏት የቴስተርን እጅ ይዘው። «ሌላ አልፈልግም።»

ሽቦውን ወዲያው በየደችው። ጣጣው ዳግም እንዳይነቀል በማስቲሽ አጣብቆ መያዙ ላይ ነው። የባሏ ታላቅ እህት ሱፐር ግሉ ይዛ ደረሰች።

«እንኪ፣ ጠብ አድርጊበትና ተገላገይ። ጫማዬንም የያዘልኝ እሱ ነው።»

«ጫማዎ አይሰማም እኮ፣ እትዬ። ይሄ እንደ ውሃ ይሮጣል፤ ድምፅ የሚገባበትን ቀዳዳ ይደፍነዋል።»

«ሲሊኮንስ? ከመታጠቢያ ቤቱ ተርፏል።»

«እስቲ ያሽቱት። ኮምጣጤ ነው የሚሸተው። ቀስ እያለ መዳቡን ይበላዋል።»

«አቤት ምርጫ! ባሌ የመኪናውን የኋላ መስታወት ማሞቂያ የቀጠለበትስ? ያ ብር የመሰለው ማጣበቂያ?»

ቴስተር ከብርማው አንድ ጠብታ፣ ከራሷ የሬዲዮ ማስቲሽ ቱቦ ሌላ ጠብታ፣ ጎን ለጎን መስታወት ላይ አድርጋ እንዲደርቁ ተወቻቸው። በማግስቱ የመለኪያዋን ሁለት ጫፎች ብርማው ላይ ስታሳርፍ መርፌው ዘለለ፤ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል ማለት ነው፣ መስሚያው ውስጥ ያለውን ሽቦ ሁሉ እርስ በርስ ሊያገናኘው። የራሷ ጠብታ ላይ መርፌው ንቅንቅ አላለም። እማማ አጎንብሰው ሲያዩ ቆይተው ጣታቸውን ቀሰሩ።

«ይሄን አድርጊልኝ። ዝምተኛውን።»

ዝምተኛው ግን ቀርፋፋ ነው፤ ቶሎ አይደርቅም። እማማ ደግሞ «ደረቀ እንዴ?» እያሉ በጣታቸው መጫን አበዙ። ራሳቸው ናቸው በመጨረሻ፣ «እጄ አላርፍ ብሎኛል፤ ቆልፊብኝ» ያሏት። ቆለፈች።

እሁድ እማማ የደረቀውን መስሚያ አድርገው፣ በሻሻቸው ሸፍነው ጥግ ላይ ተቀመጡ። ታላቅየው ልጅ እሱ ቤት ደረጃ እንደሚበዛ አስረዳ። ታናሽየው፣ የቴስተር ባል፣ የልጆቹን ጫጫታ አነሳ። እትዬም፣ «እኔማ ደስ ይለኝ ነበር፤ ቤቴ ቀዝቃዛ ሆነ እንጂ» አለችና፣ ወደ እናቷ ዞራ በጩኸት፣ «እማዬ፣ ሻይ ልጨምርልሽ?» አለቻት።

«ቀስ በይ» አሉ እማማ። «እሰማለሁ።»

ታላቅየው ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲሰሙ ነው የቆዩት» አለች ቴስተር። «እንግዲህ እሳቸውን ጠይቋቸው፤ የት መኖር ነው የሚፈልጉት?»

እማማ ሻሻቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው መስሚያውን ገለጡት።