አባባ ወንበር ላይ

ወደ እስር ክፍሉ ስገባ ቀድሞ ዓይኔን የያዘው ስዕል ነበር። ከእኛ በፊት የታሰረ ሠዓሊ፣ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ግድግዳው ላይ በከሰል ስሎ ሄዷል። እኔ ሶዶ ውስጥ ሂሳብ አስተማሪ ነኝ፤ የያዙኝ ስብሰባ ላይ በተናገርኩት ነው። ሥራ ስፈታ ከብርድ ልብሴ ክር መዝዤ ስዕሉን በካሬ ከፋፈልኩና ካርቶን ላይ መገልበጥ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሰሞን ሴትዮዋ ከወንበሩ ልትንሸራተት ትደርስ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ተቀመጠች።

አጠገቤ የሚተኙት አባባ የጉኑኖ ገበሬ ናቸው። አንድ ቀን ከአገራቸው አዲስ እስረኛ መጣና ሚስታቸው በየቀኑ እስር ቤቱ በር ላይ እንደሚቆሙ ነገራቸው። ጠባቂዎቹ "እንዲህ ያለ ሰው እዚህ የለም" ይሏቸዋል። ጎረቤት ደግሞ "ሞቷል፣ ለቅሶ ተቀመጪ" እያለ ነው።

ጽሑፍ ያለበት ወረቀት አይወጣም፤ ምግብ ከሚያመጣልን ሰው ጋር መነጋገርም ክልክል ነው።

"እኔን ሳለኝ" አሉ አባባ። "ወንበር ላይ አድርገኝ። ሚስቴ መሬት ቁጭ ብዬ እንዳታየኝ።"

የሴትዮዋን ወንበር፣ እጆችና እግሮች እንዳሉ ገለበጥኩ፤ ቀሚሷን ጋቢ አደረግሁት፤ የአባባን ፊት ጨመርኩበት። ኮራ ብዬ አሳየኋቸው።

"ፊቱስ ይሁን፤ ይሄ እጅ ግን የኔ አይደለም። እሷ እጄን ታውቃለች።"

የቀኝ ጠቋሚ ጣታቸው ግማሹ የለም፤ ድሮ መጥረቢያ ቆርጦታል። ሁለት ሳምንት ከአንድ ሳህን ስንበላ ልብ አላልኩም። አፈርኩ። እጁን አጥፍቼ፣ ለግድግዳው ጀርባዬን ሰጥቼ፣ እሳቸውን እያየሁ ሳልኩ። ጎናቸውን እያመማቸው ቀጥ ብለው ተቀመጡልኝ።

በማግስቱ ካርቶኑን ለእህቴ በሚመለሰው ባዶ ምሳ ዕቃ ውስጥ ከተትኩ።

"ምንድነው?" አለ ጠባቂው።

"ስዕል።"

"ጽሑፍ አለው?"

"የለውም።"

አገላብጦ አየና አሳለፈው።

የቀረውን ስፈታ እህቴ ነገረችኝ። የማታውቀው ሰው ስዕል ሲደርሳት የአንዷ ሰው ይሆናል ብላ በር ላይ ለቆሙት ሴቶች አንድ በአንድ ስታሳይ፣ አንዲት እናት ጣቱን ነኩ። አላለቀሱም። ካርቶኑን ይዘው ጠባቂው ፊት ቆሙ።

"የለም ያላችሁኝ ሰውዬ ይሄ ነው። ይሄው ቁጭ ብሏል።"

ሂጂ ቢሏቸው አልሄዱም። ከሰዓት በኋላ አባባ ተጠርተው ስማቸው መዝገብ ላይ ተጻፈ፤ ቆጮም ገባላቸው።

አባባም ተፈተዋል፤ በቅርቡ ጉኑኖ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ስዕሉ ሳሎን ተሰቅሏል። አባባ ለመጣ እንግዳ ሁሉ "ከጉልበቴ በታች የሴት እግር ነው" እያሉ ይስቃሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም አሁን የተሻለ እስላለሁ። ላስተካክለው ብዬ እጄን ስዘረጋ ሚስታቸው ከለከሉኝ።

"ተወው" አሉኝ፤ "እኔ እንዲህ ሆኖ ነው ያገኘሁት።"