የዩኑስ ያላለቀ የቀዘፋ ዜማ

"ዩኑስ ሞተ" ብዬ እጽፍና መልሼ አጠፋዋለሁ። ውሸት የጻፍሁ ይመስለኛል። ትናንት ከሰዓት እኮ በድምፅ መልእክት ሲቀልድብኝ ነበር!

ዛሬ ጠዋት እህቱ ደውላ "ዩኑስ አለፈ" አለችኝ። "የቱ ዩኑስ?" አልኋት። ስንት ዩኑስ አለኝና ነው?

ለማታውቁት፦ ዩኑስ እዚሁ ባሕር ዳር ለልጆች ሙዚቃ የሚያስተምር ጓደኛዬ ነበር። የጣና ዳር ልጅ ነው፤ አባቱ ታንኳ ይሠራሉ። ካመመው ቆይቶ ነበር፤ እኔ ግን ይድናል ብዬ አምኜ ነበር።

ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ስንከራተት "ነይ ባክሽ፣ እስክታገኚ ከእኔ ጋር ሥሪ" አለኝ። አባቱ ሲቀዝፉ የሚያዜሙትን ዜማ ኮምፒውተር ላይ በኖታ እየጻፍን ነበር። ከሳቸው በቀር ሙሉውን የሚያውቅ ሰው የለም። "አባባ አርጅተዋል፤ ሳያልፉ እንጨርሰው" ይል ነበር።

የመጀመሪያ ሙከራዬ አይረሳኝም። ኖታውን ጻፍሁ፣ ከላይ አንዲት የፍጥነት ምልክት አስቀመጥሁ፣ አጫወትሁት። ኮምፒውተሩ ሳይተነፍስ ጋለበ። ዩኑስ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"ኧረ ይሄ ቀዘፋ አይደለም! ተሳፋሪ የሚሻማ የመራዊ መስመር ሚኒባስ ነው!"

ከዚያ አጠገቤ ቁጭ አለ። አባቱ መቅዘፊያውን ከውሃ ሲያወጡ ድምፃቸው ትንሽ ቆም ብሎ ይጠብቃል፤ መቅዘፊያው ተመልሶ ሲገባ ይቀጥላል። ቆይታው ሁልጊዜ እኩል አይደለም። ነፋስ ካለ ይረዝማል። ዩኑስ ቀረጻውን እየሰማ፣ ጉልበቱን በጣቱ እየመታ፣ እዚህ "ቀስ"፣ እዚያ "ያዝ"፣ እዚያ ጋ "ወደ ቀድሞው ፍጥነት" የሚሉ ምልክቶችን በየቦታቸው ያስገባ ነበር። አንዷን ምልክት ከአንድ ኖታ ወደሚቀጥለው ለማዛወር ግማሽ ቀን ይፈጅበታል።

እኔ ደግሞ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። "በቃ እኮ፣ ደርሷል!" ስለው፣

"ቀስ በይ እታለም፣ ውሃ ላይ ነን" ይለኛል።

ሁልጊዜ። የሥራ ማመልከቻ ስጽፍም፣ አስፋልት ስሻገርም፣ ሻይ ሲገነፍልብኝም።

ትናንት ከሆስፒታል የላከልኝ ይህን ነው፦ "የመጨረሻው ስንኝ ብቻ ቀረ። ስወጣ አብረን እንጨርሰዋለን። ሳልኖር እንዳትነኪው፤ መራዊ ታደርሺዋለሽ!"

ዛሬ ቤታቸው ሄድሁ። ወንዶቹ ከቀብር ሲመለሱ አባቱ ደጃፉ ላይ አዩኝ። እጄን ያዙና፣

"ያ ነገር አለቀ ወይ፣ ልጄ?" አሉኝ።

"አላለቀም አባባ። መጨረሻው ቀርቷል።"

እጄን እንደያዙ፣

"እንግዲያ ለቅሶው ሲበተን ኮምፒውተሩን ይዘሽ ነይ። እኔ እቀዝፋለሁ፤ አንቺ ጻፊ።"

ሳያልፉ ብለን የተጣደፍንላቸው ሰው ልጃቸውን ቀብረው መጡ። መጥተውም እኔን አጽናኑኝ። እዚያው ደጃፉ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስሁ።

ዩኑስ፣ አስገብተህ የተውሃቸውን ምልክቶች አንዱንም አላንቀሳቅስም። የመጨረሻዋን ስንኝ ግን ሳትኖር ልነካት ነው፤ ይቅር በለኝ። ምልክቱን የቱ ኖታ ላይ እንደማስገባ፣ ድምፁን እስከ መቼ እንደማቆየው፣ አሁን ማንን ልጠይቅ?

አባባ ታንኳው ላይ ሲወጡ መቅዘፊያውን የማቀብላቸው እኔ ነኝ። ስለሳቸው አታስብ። አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ፣ ወንድሜ። ደህና ሁን።