የአድሚራሉ መርዶ

ባሕር በሌለበት፣ አሜሪካ መሃል ባለችው በእንግልውድ ከተማ አንድ የባሕር ኃይል አለቃ ይኖር ነበር ቢባል ማን ያምናል? ሪር አድሚራል ጄፍሪ ሃልስዌል ግን እዚያ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ አሜሪካዊት ሚስታቸው ወደ ትውልድ ከተማዋ አመጣቻቸው፤ ከዚያ ቀድማቸው ሞተች። የቀሯቸው እንግሊዝ አገር የሚኖር አንድ ልጃቸው ማርቲንና እዚያው አቅራቢያ ካለችው ከአውሮራ በአውቶቡስ እየመጣች የምታስታምማቸው የእኛዋ ፀዳል ነበሩ።

በልጅነታቸው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ገብተው ከመርከብ መርከብ እያደጉ የጦር መርከብ አዛዥ፣ በኋላም አድሚራል ሆኑ። ማርቲን ሲወለድ አልነበሩም፤ ሲመረቅ አልነበሩም፤ ሲያገባም አልነበሩም። ልጁ አኮረፈ። ማኩረፍ ሲያንሰው ነው! አባትና ልጅ የታረቁት በእናትየው ቀብር ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ማርቲን በየእሑዱ ይደውላል፤ ሽማግሌው ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ የሚኖሩት ለእሑድ ነው።

አምና በጥቅምት፣ ሰኞ ቀን፣ እሳቸው ተኝተው ስልክ ጮኸ። ጆሯቸው ስለከበደ ስልኩን የምታነሳው ፀዳል ናት። የማርቲን ሚስት ነበረች። ማርቲን በድንገት ልቡ ቆሞ ሞቷል። ቀብሩ ሐሙስ ነው፤ አባትየው መጓዝ ስለማይችሉ ከቤተክርስቲያኑ በቪዲዮ ታገናኛቸዋለች። «ሲነቁ ይደውሉልኝ» አለች።

ፀዳል ሀበሻ ናት። መርዶ ለብቸኛ ሰው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በአንድ ሰው አፍ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ገና በማለዳ፣ የሚደግፍ ክንድ ቀርቦ ነው። ስለዚህ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ወዳለችው ሱቄ መጣች። ታክሲ ነጂው መብራህቱም እዚያ ነበር።

«ሃርታቸው ዊክ ነው፤ ብቻዬን ብነግራቸው እጄ ላይ ይቀራሉ። መቼ ኦፍ ናችሁ?» አለች ፀዳል፤ ከሥራ የምናርፍበትን ቀን መጠየቋ ነው።

«ሳተርደይ» አለ መብራህቱ።

«ቀብሩ እኮ ሐሙስ ነው» አልኩ።

«ሰው የልጁን ሳጥን በስክሪን ያያል እንዴ? ይሄማ ግፍ ነው!» አለች ፀዳል።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለ መብራህቱ። እኔም እውነቷን መሰለኝና ተስማማሁ።

የማርቲን ሚስት ደጋግማ ደወለች። በደወለች ቁጥር ፀዳል «ተኝተዋል» አለቻት። ሐሙስ ቀብሩ ሲፈጸም ሽማግሌው ሾርባ እየጠጡ፣ ማርቲን ለገና እመጣለሁ ማለቱን ይነግሯት ነበር። ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ቅዳሜ ንጋት ላይ ጥቁር ለብሰን ገባን። በዕድሜ የሚበልጠው መብራህቱ ስለሆነ እሱ ተናገረ። «ሰር፣ በርቱ። ልጅዎ ማርቲን አርፏል።» ፀዳል ጮኸች። እኛ ግራና ቀኝ ክንዳቸውን ያዝን። እሳቸው አላለቀሱም።

«መቼ?» አሉ።

«ሰኞ።»

«ቀብሩስ?»

መብራህቱ ወደ ፀዳል ዞረ። ፀዳል «ሐሙስ» አለች፤ ድምጿ አይሰማም ነበር፤ ከንፈሯን አይተው ገባቸው። ክንዳቸውን ከእጃችን አላቀቁና ስልኩን ጠየቁ። በስፒከር ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

«ስክሪኑን ከፍተን ጠበቅንዎት» አለች የማርቲን ሚስት። «ቄሱን ለምኜ ጸሎቱን አስዘገየሁ። በደወልኩ ቁጥር ተኝተዋል አሉኝ። ልጆቼ አያታችን የት ነው ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ። ከእንግዲህ አይደውሉልን።»

ሽማግሌው «ይቅርታ፣ ልጄ» ብቻ አሉ። እኛን ሊያነሱ ይችሉ ነበር፤ አላነሱንም። ስልኩ ተዘጋ።

ፀዳል እግራቸው ሥር ወደቀች። «ለምን የደበቅኩት እኔ መሆኔን አልነገሯትም?» ብላ ስልኩን ነጥቃ ራሷ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ የሚያነሳ የለም። እንደገና ደወለች።

«ተዪው» አሉ ሽማግሌው። «ብታነሳስ ታምንሻለች? ሠርጉ ላይ ያልነበረ አባት ቀብሩም ላይ ቀረ፤ በእሷ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም።»