ጨርቁ ርጥብ ከሆነ ሞልታለች

ሀና ማርያም ወፍጮ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ባለቤቱ «ምን ትችላለህ?» አሉኝ። «ያየሁትን ሁሉ» አልኳቸው። «ምን አይተሃል?» ሲሉኝ «እስካሁን ምንም» አልኩ። ሳቁና ጆንያ ተሸካሚ አድርገው ቀጠሩኝ። በዚያ ቀን ያስተማሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ጋቢዬን አስወልቀው ግድግዳ ላይ ሰቀሉና ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያገናኘውን ጠፍር አሳዩኝ። «ይህ ቺንጋ ይባላል። ጨርቅ ከያዘ ሰው ይዟል» አሉኝ።

ሌላውን ሁሉ የተማርኩት ራሴ ነኝ። በስምንተኛው ወር ሞተሩን የማስነሳው እኔ፣ ድንጋዩ ሲለሰልስ የምወቅረው እኔ፣ ቺንጋውን የምወጥረው እኔ ሆንኩ። ዱቄቱን በሁለት ጣቴ አሽቼ ድንጋዮቹ ምን ያህል እንደተራራቁ እናገር ነበር። ከፉሪ በአህያ ጭነው የሚመጡ ገበሬዎች «ሽብሩ የለም» ከተባሉ ጭነቱን ሳያወርዱ ይመለሱ ነበር። ፊደል እንኳ የቆጠርኩት ከጆንያ ላይ ነው፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ቀድሜ ጨርሼ ነበር።

በደርግ ጊዜ ወፍጮ ቤቱ ወደ ቀበሌው ኅብረት ሥራ ማኅበር ዞረ። ባለቤቱ ሄዱ፤ እኔ ቀረሁ። አብዮትም ቢሆን ዱቄት ይበላል። ሊቀመንበራችን ጓድ መንገሻ ስለ ሞተር የሚያውቁት ጩኸቱን ብቻ ስለነበር ያከብሩኝ ነበር።

ድመቷ የመጣችው በራሷ ነው። ዳለቻ፣ አንድ ጆሮዋ የተቀደደ፣ ማንንም የማታስጠጋ ነበረች። አይጥ ስለምትይዝ ዝም አልኳት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በቆሎ ስፈጭ አይጥ ስታባርር ጭራዋን ቺንጋው ያዘው። ናፍጣውን ዘጋሁ። ሞተር ግን ናፍጣ ሲዘጋበት ወዲያው አይቆምም። ቺንጋውን በእጄ ገፍቼ ከመዘውሩ አወረድኩት። የግራ እጄ ትንሿ ጣት ዛሬም ቀጥ አትልም። ድመቷ ተረፈች። ስሟን ቺንጋ አልኳት።

ቁስሏ ዳነ፤ ጭራዋ ግን እንደ ገመድ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ሽንቷም ይንጠባጠብ ጀመር። እዚህ ላይ የሞተር ሰው ብቻ የሚሠራውን ስህተት ሠራሁ። የሞተር ሰው ፍሳሽ ሲያይ የላላ ነገር አለ ይላል፤ እስኪጠገን ድረስም የሚገባውን ይቀንሳል። ውሃና ወተቷን ቀነስኩባት። በአምስተኛው ቀን ሆዷ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፤ ዓይኗን መግለጥ አቃታት።

በቅርጫት ይዣት በአውቶቡስ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ ዶክተር ሰናይት የምትባል ወጣት ነበረች።

«ጋሼ፣ ሰው እዚህ ላም ይዞ ነው የሚመጣው» አለችኝ።

«ላም ወፍጮ ቤት አትገባልኝም» አልኳት።

ሆዷን ዳሰሰችና ፊቷ ተለወጠ። በሁለት እጇ ቀስ ብላ ተጫነቻት። ከዚያች ሚጢጢ ድመት የወጣውን ሽንት ባላይ አላምንም ነበር።

«ውሃ ማነው የከለከላት?»

«እኔ። ስለምታፈስ።»

«እያፈሰሰች አይደለም፣ ሞልቶ እየተረፈ ነው። ጭራዋ ሲጎተት ፊኛዋን የሚያዘው ነርቭ ተጎድቷል፤ በራሷ መሽናት አትችልም። ሲሞላ ትርፉ ይንጠባጠባል። የምትተኛበት ጨርቅ ርጥብ ከሆነ ሞልታለች ማለት ነው።»

«መቼ ይድናል?»

«ላይድን ይችላል። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ፣ ዕድሜዋን ሙሉ በእጁ የሚያስሸናት ሰው ያስፈልጋታል። ፊኛዋ ስለደከመ ከእንግዲህ ሰው ከሌላት በሁለት ሦስት ቀን ትሞታለች። እዚሁ ያለ ስቃይ ባሳርፋት ይሻላል።»

«ሰውየው ተገኝቷል» አልኳት።

አሳየችኝ። ሆዷ ውስጥ እንደ እንቁላል የሚድበለበለውን ፊኛ ታገኛለህ፣ በአውራ ጣትና በአራቱ ጣቶች መሃል ትይዛለህ፣ ወደ ጭራው አቅጣጫ ሳትጣደፍ ትጫናለህ። ካጠበቅህ ሊፈነዳ ይችላል፤ ካላላህ ይተርፋል። የቺንጋ ውጥረት በአውራ ጣቱ የሚለካ ሰው ይህ አይከብደውም። በመጀመሪያ ሙከራዬ ሆነልኝ። «ተማሪዎቻችን ሳምንት ይፈጅባቸዋል» አለች፤ ቃል በቃል።

አራት ወር እንዲህ አለፈ። ቺንጋ ወፈረች፤ አይጥም መያዝ ጀመረች። ቀትር ላይ ሞተሩን ሳጠፋ ራሷ መጥታ እግሬ ሥር ትተኛ ነበር። ጭራዋ ያው ነው፤ ነርቩም አልዳነም።

አንድ ዓርብ ጓድ መንገሻ ገቡና ሳስሸናት ደረሱብኝ።

«ጓድ ሽብሩ፣ ይህ የሰፊው ሕዝብ ወፍጮ ነው ወይስ የድመት ሆስፒታል?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አይጥ በስብሰባ አይባረርም።»

አልሳቁም። «ዱቄት ባለበት ሽንት አይኖርም። ደግሞ ሰኞ ለምርት ዘመቻ ትሄዳለህ፤ በመንግሥት እርሻው የውሃ ፓምፖቹ ቆመዋል። አንድ ወር ነው። እስከዚያ ድመቷ ከዚህ ትውጣ።»

ስለ ሽንቱ ልክ ነበሩ። ከሰኞ በኋላ ግን እጅ ካላገኘች ሐሙስን አታይም።

ቤት ይዣት ገባሁ። ባለቤቴ አስካለ በር ላይ ቆመች።

«ሽብሩ፣ ድመት ቤቴ አይገባም አላልኩህም?»

«አንድ ወር ብቻ። በቀን ሦስት ጊዜ የሚያስሸናት ሰው ነው የምትፈልገው።»

«ምን? አስካለ ድመት ታስሸናለች ተብሎ ሠፈር ይሳቅብኝ?»

«ተይው በቃ። ለነገሩ የሙያ ነገር ነው፤ ያንቺ እጅ አይችለውም።»

«አራት ልጅ ያሳደገ እጅ ነው የማይችለው? አምጣት ወዲህ!»

ሰው ማሳመን የምችለው እንዲህ ነው። ቅዳሜና እሑድ አስተማርኳት፤ በሦስተኛው ሙከራ ቻለች። «ይቺ ጨርቅስ ምንድን ናት?» ስትለኝ «የምትተኛበት ነው፣ እጠቢላት» ብዬ አለፍኩ። የርጥበቱን ነገር አልነገርኳትም። እሱን ብነግራት ውሃ የከለከልኩበት አምስት ቀን ይወጣል። እኔ ደግሞ አንድም ሞተር ተሳስቼ አላውቅም እያልኳት ነው የኖርኩት።

እርሻው ላይ በደረስኩ ማግስት ሁለት ፓምፕ አስነሳሁ። ውሃው በርሜል ውስጥ ይገባል። አንዱ ሠራተኛ «መካኒኩ፣ በርሜሉ ተቀዷል፣ ያፈሳል» ብሎ ጮኸ። ሳላየው «አልተቀደደም፣ ሞልቶ ነው» አልኩ። ይህን ከአፌ ሳወጣ የቺንጋ ጨርቅ ትዝ አለኝ። አስካለ ርጥቡን ጨርቅ ስታይ ሸንታለች ብላ ትተዋታለች። እኔ ራሴ የሞተር ሰው ሆኜ ተታልዬበት የለ?

አዲስ አበባ የሚመለስ የጭነት መኪና ሞተሩ እየጮኸ ቆሟል። ከካርቶን ቀድጄ በእርሳስ ጻፍኩ፦ «አስካለ፣ ጨርቁ ርጥብ ከሆነ ሸንታለች ማለት አይደለም፣ ሞልታለች ማለት ነው። ቶሎ ተጫኛት። እኔ ይህን ሳላውቅ አምስት ቀን ውሃ ከልክዬ ልገድላት ነበር። አፍሬ ነው ያልነገርኩሽ። ሽብሩ።»

«ሰው ታሟል እንዴ?» አለኝ ሾፌሩ።

«አዎ፣ ቺንጋ።»

«ማናት እሷ?»

«ቤተሰብ ናት። ሀና ማርያም፣ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ ሰማያዊ በር ነው። ለማንም እንዳትሰጥ፣ ለባለቤቴ ለአስካለ ብቻ።»

መልስ የሚመጣበት መንገድ አልነበረም። የቀሩትን ፓምፖች ሁሉ ጠገንኩ፤ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። አንድም ቀን ግን ጥሩ እንቅልፍ አልተኛሁም።

ስመለስ ሰማያዊው በር ክፍት ነበር። ቺንጋ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። አስካለ ቀና አለችና «መጣህ፣ ተሳስቶ የማያውቀው» አለችኝ።

«ደብዳቤው መቼ ደረሰ?»

«ከቀትር ጀምሮ ትቻት ነበር። ጨርቁ ርጥብ ሆኖ ሳገኘው በራሷ መሽናት ጀመረች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ሾፌሩ በር ላይ እንደቆመ አነበብኩትና ያዝኳት።»

«እሺ?»

«ቀሚሴን አበላሸችው።»

በሳምንቱ ጓድ መንገሻ ቤታችን ድረስ መጡ። አይጥ ጆንያውን ሁሉ በስቶታል። «ድመቷን ቀን ቀን እንኳ ብትመልሷት» አሉ። አስካለ ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠቻት «የትም አትሄድም፤ ቤቷ ይህ ነው» አለቻቸው። እኔን ማንም አልጠየቀኝም።

ቺንጋ ከእኛ ጋር ሰባት ዓመት ኖራ በእርጅና ሞተች። ጠዋትና ማታ እኔ፣ ቀትር አስካለ ስናስሸናት አንድም ቀን አላለፈንም። የምስክር ወረቀቱ ቤት ስንቀይር ጠፋ። ካርቶኑ ግን የአስካለ ልብስ ሳጥን ውስጥ አለ፤ እንግዳ ፊት ስለ ሥራዬ ማውራት ስጀምር ታወጣዋለች።

ሥራ ለሌላ ስታስረክቡ የተሳሳታችሁበትን አስቀድማችሁ ንገሩ። ሌላውን እያየ ይደርስበታል።