ጌሾ የተተከለበት ጎታ

ዛሬ ጠዋት ግማሽ ማዳበሪያ ጤፍ የአበባ ማሰሮ ውስጥ ገለበጥኩ። ሰክሬ አልነበረም፤ ሰክሬ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የማሳብብበት ባገኘሁ። ልጃችን ከባሕር ዳር ሁለት ረጃጅም የፕላስቲክ ዕቃዎች በመኪና ልካልን ነበር፤ ቁመታቸው እምብርቴ ድረስ፣ ከላይ ሰፋ ከታች ጠበብ ያሉ። ማንንም ሳልጠይቅ የእህል ማስቀመጫ ናቸው ብዬ ፈረድኩ። አይጥ አይበሳቸውም፣ ልጄ አባቷን አሰበች አልኩና፣ እርጥበት እንዳያገኘው አንዱን ሁለት ድንጋይ ላይ አቁሜ ጤፉን አንቆረቆርኩት። ድምፁ ደስ ይላል። ችግሩ፣ እኔ ማፍሰሱን ካቆምኩ በኋላም ድምፁ አላቆመም። ጎንበስ ብዬ ሳይ ጤፉ ከሥር ባሉት ቀዳዳዎች እንደ ምንጭ ይወርዳል፤ የጎረቤት ዶሮዎችም እንደ ተጠራ እንግዳ ከበው ቁርሳቸውን ይበላሉ።

ባለቤቴ ብርቄ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ያኔ በእህል ዕቃ ተክል ተከልክ» አለችኝ፣ «ዛሬ ደግሞ በተክል ዕቃ እህል። መቼ ነው አንዱን እንኳ በቦታው የምታደርገው?»

ጤፉን ከአፈሩ ለመለየት ወንፊት ይዤ እስከ እኩለ ቀን ተቀመጥኩ። ጤፍና አሸዋ መለየት ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል። እኔም ያንን «ያኔ» አሰብኩት።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። እኔ ሰቆጣ ገበያ አጠገብ አንዲት በረንዳ ላይ በልብስ ስፌት መኪና የምተዳደር ጎረምሳ ነበርኩ። ያኔ ከተማው ውስጥ ባጃጅ የሚባል ነገር የለም፤ የሚያስነጥሰን አቧራ በሰውና በአህያ እግር የተነሣ ብቻ ነበር። ብርቄን ያወቅኋት ለእናቷ ቀሚስ ልታሰፋ ከጋዝጊብላ ስትመጣ ነው። ቀሚሱን ሆን ብዬ አጠበብኩት፤ እንድትመለስ። ተመለሰች። ቀጥሎ አሰፋሁት፤ አሁንም ተመለሰች። በሦስተኛው እናቷ እማማ ደስታ ራሳቸው መጡና «አንተ ልጅ፣ ልክ አታውቅም ወይስ ነውር አታውቅም?» አሉኝ። በዚያው ሽማግሌ ላክሁ።

እማማ ደስታ እምቢ አላሉም። እሺም አላሉም። እኔን እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይኼ ነው፤ እምቢ ያለ ሰው ያሳርፍሃል። እሳቸው ግን በነሐሴ፣ በጭቃ፣ ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው መጥተው ሦስት የጌሾ ችግኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ።

«ልጄ ጌሾ ከሌለበት ግቢ አትገባም» አሉ። «እናቴ ስትዳር ጌሾው ቀድሟት ጸድቆ ነበር፤ እኔም እንዲሁ። እህሌን ካስገባሁ በኋላ መጥቼ አያለሁ። አንዷ እንኳ ሥር ይዛ ካገኘሁ ለጥር ደግሱ።»

«ካልያዘችስ?»

«ውኃ የጠማው ተክል የማያይ ሰው፣ የራባትን ሚስት ያያል?»

ብርቄ ከኋላቸው ቆማ መሬት መሬቱን ታያለች። በጉንጯ ግን ስትስቅ አየኋት። ምን ያስቃል? የተከራየሁት ግቢ እኮ አለት ነው። ጥፍር የምታህል አፈር የለውም። ሰቆጣን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አንዳንድ ግቢ ዶማ ብትሰነዝርበት ዶማው ነው የሚጮኸው። ስለዚህ በዕቃ መትከል ነበረብኝ። በዕቃ መትከል ደግሞ ቀላል በሆነ፤ ግን ቦራ ነበረች።

ቦራ የአከራዬ የእትዬ አዛለች ፍየል ናት። ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት፤ ስሟም ከዚያ ነው። እትዬ አዛለች ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ የሌላቸው ሴት ነበሩ፤ ያቺን ፍየል ሟች ባላቸው ግልገል ሳለች ከአበርገሌ በትከሻቸው ተሸክመው ያመጧት ናት። ስለዚህ ቦራ ከብት አልነበረችም፤ ቤተሰብ ነበረች። ከመንጋ ጋር አትሰማራም፣ ገመድ አታውቅም። ጥላዬ ላይ ታርፋለች፣ የስፌት ቁርጥራጬን ትበላለች፣ አንድ ጊዜ የአንድ ቄስ ቀሚስ ጠርዝ እስከ ጉልበቱ ድረስ በልታብኛለች።

ነገሩን አሰብኩበት። ዕቃው ረጅም ይሁን፣ ፍየሏ አትደርስበትም፣ አለቀ። እንዲህ ያለ ብልሃት ሲመጣልኝ መጠንቀቅ እንዳለብኝ ያኔ አላወቅሁም።

መጀመሪያ ትልልቅ የዘይት ቆርቆሮዎች ሰበሰብኩና አንዱን ባንዱ ላይ ደርቤ በሽቦ አሰርኩ። ቀጭንና ረጅም ወጣልኝ፤ ሰውም በስሜ እየጠራኝ «ስማቸው፣ የስልክ እንጨት ተከልክ?» እያለ አለፈ። ከላይ የመጀመሪያዋን ችግኝ ተከልኩ። ቦራ አልዘለለችም፤ በግንባሯ አንድ ጊዜ ገፋችው። ወደቀ። ከዚያ መሬት ላይ ተመቻችታ በላችው። እትዬ አዛለች «አይ ቦራ፣ ብርድ ያዛት መሰለኝ፣ መድኃኒት ፈልጋ ነው» አሉ።

ስለዚህ ረጅም ብቻ ሳይሆን ከባድም መሆን አለበት። ጎረቤት አንዲት ጠላ ሻጭ አንገቱ የተሸረፈ ጋን ነበራቸው፤ ለምኜ ወሰድኩ። አፈሩን ከወንዝ ዳር በጆንያ ተሸከምኩ፤ ጋን ስንት ጆንያ እንደሚውጥ የሞላው ያውቃል። ሁለተኛዋን ተከልኩ። ቦራ መጥታ ገፋች፣ ጋኑ አልነቃነቅ አለ፤ በሁለት እግሯ ቆመች፣ ቅጠሉ ላይ አልደረሰችም። ያን ቀን ምሳዬን ፊት ለፊቷ ቁጭ ብዬ፣ ቂጣዬን በማር እያጠቀስኩ፣ እያየኋት በላሁ። ከሰው ጋር እንኳ እንዲያ እልህ ተጋብቼ አላውቅም።

ግን ነሐሴ ነው። የዋግ ዝናብ ዓመቱን ሙሉ ሲለመን ቆይቶ፣ የመጣ ዕለት ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል ያለውን ሁሉ ያፈስሳል። ጋን ደግሞ ቀዳዳ የለውም፤ ቢኖረው ጠላው የት ይቀመጣል? ችግኟ ቢጫ ሆነች፣ ጠቆረች፣ ከዚያ ስስባት እንደ ተቀቀለ ጎመን ተመዝዛ መጣች። ሽታው ሦስት ቤት አዳረሰ።

አንድ ቀረች። ብርቄ በገበያ ቀን መጥታ የጋኑን ሽታ አሸተተች፣ ያቺን አንድ ቀሪ አየች፣ ሳቋ ጠፋ።

«እናቴ የምትቀልድ መስሎህ እንዳይሆን» አለችኝ። «ከኒሯቅ ሌላ ሰው ሽማግሌ ልኳል። እሷ መልስ ያልሰጠችው የአንተን ጌሾ ልታይ ብላ ነው።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ያ የኒሯቅ ሰው ነው። ግቢው አፈር ይኖረዋል ብዬ ቀናሁበት። በአፈር መቅናት ምን ዓይነት ቅናት ነው?

ጠዋት ላይ ግን ጎታውን አየሁት። ጣሪያው በተወሰደ አሮጌ ማድ ቤት ውስጥ የእትዬ አዛለች ጎታ ቆሟል፤ ባዶ፣ አፉ ላይ አሮጌ ቆርቆሮ ተጭኖበት። ከእኔ ይረዝማል። ይከብዳል። ከሁሉ በላይ ከሥሩ፣ እህሉ የሚወጣበት፣ በጨርቅ የተወተፈች ቀዳዳ አለችው። ረጅም፣ ከባድ፣ ቀዳዳ ያለው። ፈጣሪ ለጌሾ ብሎ ያሠራው መሰለኝ። ያ ቆርቆሮ ለምን እንደተጫነበት ራሴን አልጠየቅሁም። የገበሬ ልጅ ነኝ እኮ። እናቴ ጎታ ስትሠራ ጭድና እበቱን ያቀበልኩ እኔ ነኝ።

እትዬ አዛለችን ስጠይቃቸው የጎታውን ሆድ በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ጭቃውን የረገጠው እሱ ነበር» አሉ፤ ባላቸውን ማለታቸው ነው። «እኔ ስደርብ እሱ እየረገጠ፣ እየዘፈነ። እንግዲህ ባዶውን ከሚቆም ለሠርግ ይሁን። ብታፈርሰው ግን ጭቃውን ረግጠህ ትሠራልኛለህ።»

«እሠራለሁ፣ እትዬ።»

«እየዘፈንክ።»

«እየዘፈንኩ።»

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ጠብቷል፤ ግቢው ዙሪያ አደይ ነበር። ቆርቆሮውን አውርጄ አፈር ሞላሁ፣ መሰላል ላይ ወጥቼ ተከልኩ። ከቦኖ ተሰልፌ በጀሪካን ውኃ እያመጣሁ በየጠዋቱ መሰላል እየወጣሁ አጠጣለሁ። ሰው «ስማቸው ሰማይ ላይ አረሰ» ይላል። ይበል፤ ጌሾዋ አዲስ ቅጠል አወጣች። ቦራ ከሥር ቆማ አንገቷ እስኪጣመም ወደ ላይ ታያለች።

ከዚያ ጎታው መወፈር ጀመረ።

መጀመሪያ ዓይኔ ነው አልኩ። ቀጥሎ ሆዱ ላይ ሸማ የሚያህል እርጥበት ታየ። ቀጥሎ ስንጥቅ። እንግዲህ አስቡት፤ ያልተተኮሰ ጭቃ ነው፣ እህል እንዲያደርቅ የተሠራ፣ እኔ በየቀኑ ከውስጥ አጠጣዋለሁ። ሲገባኝ ራሴን በመሰላሉ ልመታ ምንም አልቀረኝ። ውኃ ላቁም ብል ጌሾዋ ትደርቃለች፣ ላጠጣ ብል ጎታው ይፈርሳል። ስለዚህ ልብስ ሰፊ የሚያደርገውን አደረግኩ። የጆንያ ጨርቅ ቀጥዬ ለጎታው ቀሚስ ሰፋሁለት፤ ወገቡን በመቀነት አሰርኩት። ልኩን ወስጄ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በልክ የሰፋሁት ቀሚስ እሱ ነው።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል እማማ ደስታ መጡ፤ ብርቄ ከኋላ። ቀሚስ ለብሶ መቀነት የታጠቀውን ጎታ አይተው ዙሪያውን አንዴ ዞሩት። ከዚያ በኽምጣጝኛ፣ በዋግ አገውኛ፣ ለብርቄ አንድ ነገር ተናገሩ። እሳቸው ሲናደዱ ወደዚያ ነበር የሚሄዱት።

«ምን አሉ?»

«አይነገርም» አለች ብርቄ።

«እማማ፣ ላይ ይዩት፣ ቅጠሉን ይዩት፣ መሰላል ላምጣልዎ» እያልኩ ስንተባተብ፣ ቦራ ሰው ሁሉ ወደ ላይ ሲያንጋጥጥ አየችና የፊት እግሮቿን አንስታ ጎታው ሆድ ላይ አሳረፈች። ያን ያህል አልገፋችም። እግሯ ገባ። መቀነቱ ተፈታ፣ ጎታው እንደ ደከመ ሰው ቁጭ አለ፤ ጭቃው፣ ጭዱ፣ እበቱ፣ አፈሩ ሁሉ አለቱ ላይ ተዘረገፈ። ቦራ ሮጠች። ከክምሩ አናት ላይ ጌሾዋ ዘንበል ብላ ቆማለች።

እትዬ አዛለች አፋቸውን በነጠላ ያዙ። እኔ ስለ ኒሯቅ ሰው እያሰብኩ ነበር።

እማማ ደስታ ጫማቸውን አውልቀው ክምሩ ላይ ወጡ። ተንበርክከው አፈሩን በጣታቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉ። ሥሩን አገኙት፤ ጭቃውን ጨብጦ ወደ ጭዱ ገብቷል።

«ይዟል» አሉ።

ከዚያ ቀና ብለው፣ በእውነት መረዳት የፈለገ ሰው አጠያየቅ፣ «ይኼ ሁሉ ከፍታ ምን ያደርግልኛል ብለህ ነው?» አሉኝ።

«ፍየሏ እንዳትበላው፣ እማማ።»

«ፍየሏን ማሰርስ?»

እትዬ አዛለችን አየሁ። እትዬ አዛለች እኔን አዩ። ከነሐሴ እስከ ኅዳር በዚያ ግቢ ውስጥ ያንን ቃል ያወጣ ሰው አልነበረም። እኔ አሳዝናቸዋለሁ ብዬ ፈርቼ፤ እሳቸው ግን ኋላ እንደነገሩኝ «አንድ ቀን እሰሯት ይለኛል ብዬ ገመድ አዘጋጅቼ ስጠብቅ ነበር»።

እማማ ደስታ ተነሥተው እጃቸውን አራገፉ። «ሞኝ ነው» አሉ ለብርቄ፣ በአማርኛ፣ እንድሰማ። «ግን ውኃ አልነፈጋትም። ጌሾዋ ከዚህ አትነቀል፤ ጎታው አፈር ሆኖላታል። እሾህ አጥሩባት። ለጥር ደግሱ።»

ያቺ ጌሾ እትዬ አዛለች ግቢ ዛሬም አለች። ያ ክምር ለአለቱ ግቢ የመጀመሪያው አፈር ሆነ፤ ኋላ ጤና አዳምም በሶብላም በቀለበት።

ከሰዓት በኋላ የተረፈውን ጤፍ ለብርቄ አስረክቤ፣ ባዶውን ረጅም ዕቃ ትከሻዬ ላይ አድርጌ እትዬ አዛለች ዘንድ ሄድኩ። እርጅና ተጫጭኗቸዋል፤ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ፊታቸው አቆምኩት።

«እትዬ፣ ጎታዎን አመጣሁ። ይኼ ውኃ አይፈራም።»

በከዘራቸው አንዴ መቱት። ባዶ ባዶውን ጮኸ።

«ለአበባ ይሆናል፣ ተውልኝ» አሉ። ከዚያ ጉልበቶቼን ተራ በተራ አዩና፣ «ጭቃውን መቼ ነው የምትረግጥልኝ?» አሉኝ።

«ጉልበቴን ያመኛል፣ እትዬ።»

«ድምፅህንስ?»

ድምፄን አያመኝም። ሳልዘፍን ወደ ቤቴ ተመለስኩ፤ የጎታው ዕዳ ግን እስከ ዛሬ አለብኝ።